ጥርሳችንን የነቀልንበት ሰፈር

አማርኛችን አንዳንዴ ሳያስበው ይተርበናል። አንድ ሰው በሙያው የበሰለ መሆኑን ለመናገር ስንፈልግ «ጥርሱን የነቀለበት ነው» እንላለን። ሹፍርና ጥርሱን የነቀለበት፣ ንግድ ጥርሷን የነቀለችበት፣ ፖለቲካ ጥርሱን የነቀለበት... ለእኛ ደግሞ ካዛንቺስ ጥርሳችንን የነቀልንበት ሰፈር ነው። የወተት ጥርሳችንን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወርውረን ነጭ ጥርስ እንዲበቅልልን የለመንነው እዚያ ነው። ተረብ የለመድነው፣ በካልሲ ኳስ ጉልበታችንን የላጥነው እዚያ ነው። ጥርስ ሐኪም መፍራትንም የተማርነው እዚያው ነው። የዛሬው ወሬያችን ስለዚህ ስለመጨረሻው ትምህርት ነው፤ ከሁሉም አብልጠን የያዝነው እሱን ነበርና።

«እኛ» ስንል ሦስት ነን። አንድ ግቢ ያደግን፣ አንድ ትምህርት ቤት የተመላለስን፣ አሁን ሠላሳዎቹን የጀመርን ሦስት ጎረምሶች (እሺ፣ የቀድሞ ጎረምሶች)። ታሪኩ የአንዳችን መንጋጋ ታሪክ ነው። የማናችን እንደሆነ አንነግራችሁም፤ ሰውዬው ገና አላገባም። ደግሞም ጥርሱ የአንዱ ቢሆንም ፍርሃቱ የሦስታችን ስለነበር «ጥርሳችን» ብንል አልዋሸንም።

ነገሩ የጀመረው በ1994 ዓ.ም ክረምት ነው። የሦስተኛ ክፍል ካርዳችንን በተቀበልን ሰሞን ከሦስታችን አንዱን ጥርሱን አመመው። እናቱ እጁን ይዘው ሰፈር ውስጥ ወዳለች አንዲት ክሊኒክ ወሰዱት፤ ሁለታችን አጃቢ ሆንን። የአጃቢነት ክፍያችን ከረሜላ ነበር። (አዎ፣ ጥርሱን ሊነቀል የሚሄድን ልጅ ለማጀብ ከረሜላ! ያኔ ማንም አልሳቀም።) አጃቢዎቹ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ውስጥ የተደረገውን ያወቅነው ኋላ ነው፤ መርፌው ከተወጋ ብዙም ሳይቆይ፣ ከንፈሩ እንኳ ሳይደነዝዝ፣ አንዱ ጭንቅላቱን ይዞ ሌላው በጉጠት ሳበው። ያኔ የሰማነው ጩኸት መናኸሪያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም!» የሚል ድምፅም ሰምተናል። ከዚያ በሩ ተከፈተና ጓደኛችን ጥጥ ነክሶ፣ ደም የነካው መሐረብ ይዞ ወጣ። ከረሜላችን አፋችን ውስጥ እንዳለ መምጠጡን ተውነው።

ልብ በሉ፤ ጥርሱን ያመመው አንድ ልጅ ነው፤ ፍርሃቱን ተሸክመን ወደ ቤት የተመለስነው ግን ሦስት ነን። ጥርስ ሐኪም መፍራት እንዲህ ነው የሚጋባው፤ እንደ ጉንፋን። ስንቶቻችን የምንፈራው የራሳችንን ሕመም ሳይሆን ከበር ኋላ የሰማነውን የሌላ ሰው ጩኸት ነው!

ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት ጥርሳችንን እየደለልን ኖርን። በግራ ሲያመን በቀኝ ማኘክ፣ ቀዝቃዛ አምቦ ሲመጣ ወደ አንድ ጥግ ማሾለክ፣ ሻዩ እስኪበርድ ወሬ ማብዛት... ይህን ጥበብ የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። መንጋጋችን ላይ መጀመሪያ የታየችው አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። ነጥቧ ቀስ በቀስ ምላስ የማይርቃት ጉድጓድ ሆነች። ቅርንፉድ ወተፍንባት። ነጭ ሽንኩርት ያዝንባት። በጨው ውሃ ተጉመጠመጥን፤ አንድ ሌሊት ደግሞ በአረቄ ተጉመጠመጥን (መትፋቱን ግን ረሳነው)። ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዛን። ቀጠሮ እንያዝ ስንል ፆም ነው፤ ፆሙ ሲፈታ በዓል ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ደመወዝ የለም። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ አንድ ቀን ሕመሙ ራሱ ቆመ። «ዳነ!» ብለን ክትፎ በላን።

አልዳነም ነበር። ኋላ ሐኪሟ እንዳስረዳችን ለሳምንታት ሲጠዘጥዝ የከረመ ጥርስ በድንገት ዝም ካለ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ውስጡ ያለው ነርቭ መሞቱ ነው። የሚጮኸው ሞተ እንጂ በሽታው አልሄደም። ጀርሞቹ በስሩ በኩል ወደ አጥንቱ ወርደው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እኛ ክትፎ ስንበላ እነሱም እየበሉ ነበር ማለት ነው።

በ2017 ዓ.ም ግንቦት፣ አንድ ሐሙስ ሌሊት፣ ስልካችን ላይ ፎቶ ገባ። ግራ ጉንጩ ብርቱካን የጎረሰ ይመስላል፤ ዓይኑ በግማሽ ተከድኗል። ከፎቶው ሥር «ልሞት ነው መሰለኝ። ሐኪም ቤት ግን አልሄድም» ይላል። ሳቅን፤ ከዚያ ደነገጥን፤ ከዚያ ደወልን። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተከራክረን በአንድ ስምምነት ተለያየን። እሱ የሚሄደው ሁለታችንም አብረን ሄደን፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠን፣ አፋችንን ከከፈትን ብቻ ነው። ጓደኝነት እንዲህ ባለ ሰዓት ያስጠላል። እኛም ከ1994 ወዲህ ጥርስ ሐኪም ደጃፍ አልረገጥንማ!

ጠዋት ካዛንቺስ ተገናኘን። «ተገናኘን» ስንል እንዲሁ ከቤት ወጥተን አይደለም። ሰፈራችን በ2017 መጀመሪያ ላይ ሲፈርስ አንዳችን ገላን ጉራ ደርሶታል፣ አንዳችን ሰሚት ተከራይቷል፣ አንዳችን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ዘመድ ጋ ተጠግቷል። ድሮ በፉጨት የምንጠራራ ልጆች አሁን ለመገናኘት ሁለት ታክሲ እንይዛለን። ከመናኸሪያ ወደ ኡራኤል በእግራችን ስንወርድ የዚያችን ክሊኒክ ቦታ በዓይናችን ፈለግን። የለችም። ግቢያችንም የለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት «ካዛ ኢንቺስ» የሚባል ድርጅት ለሰፈሩ ስሙን ትቶ ሄደ፤ እኛ ደግሞ ጣሪያ ላይ የወረወርናቸውን የወተት ጥርሶች ትተን ሄድን፤ እነሱም ከቆርቆሮው ጋር ተጭነው ሄዱ። ክሊኒኳ ፈርሳለች፣ ጉጠቱ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው፤ ጩኸቱ ግን ጆሯችን ውስጥ እንደቆመ ነው። ካሳ ያልተከፈለበት፣ አፍራሽ ግብረ ኃይልም ያልደረሰበት ይዞታ ቢኖር ይኼ የእኛ ፍርሃት ነው።

ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገና በሩ ሲከፈት ያ ሽታ ተቀበለን። ታውቁታላችሁ፤ የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ። ጉልበታችን ዛለ። ከሦስታችን ደፈር ያለው «ይኼ የሚሸተው ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሟ (ከእኛ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት) ሳቀችና «ቅርንፉድ ነዋ!» አለች። ለጊዜያዊ መሙያ የሚጠቀሙበት ዩጂኖል የሚባለው ዘይት ዋነኛ ምንጩ ቅርንፉድ ነው፤ የሚያደነዝዝና ጀርም የሚያዳክም ጠባይ አለው። እንግዲህ ሃያ ምናምን ዓመት ስንሸሸው የኖርነው ሽታ አያቶቻችን ሻይ ውስጥ የሚጨምሩት፣ እኛም ጥርሳችን ውስጥ የምንወትፈው ቅርንፉድ ነበር!

የመጀመሪያ ቀን ማንም ምንም አልነቀለም። ራጅ አነሳችው፣ አየችው፣ ጸረ ተህዋስያን መድኃኒት አዘዘችለትና ለሳምንት ቀጠረችው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ደጋግማ ነገረችን። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው፣ ትኩሳት ከያዘው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ አለበት። ከጥርስ የተነሳ መመርቀዝ አንገት ውስጥ ገብቶ መተንፈሻን ሊዘጋ ይችላል። ሰው በጥርስ ሕመም ይሞታል ወይ? ይሞታል። «ልሞት ነው መሰለኝ» ያለው ሰውዬ ያን ጊዜ ነው ቀልዱን ያቆመው።

ከዚያ «ለምን እስከ ዛሬ ቆየህ?» አለችው። የ1994ቱን ታሪክ ሦስታችን እየተቀባበልን ነገርናት። አላሾፈችም። «ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል» አለች። «ወይ መርፌው እስኪሠራ አልጠበቁህም፤ ወይ ቦታው አመርቅዞ ነበር።» ያመረቀዘ ሥጋ አሲድነቱ ስለሚጨምር ማደንዘዣው እንደ ልብ አይሠራም። ለዚህ ነው አብጦ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከሌላው የበለጠ የሚያመው።

ይህቺን አረፍተ ነገር ይዘን ወጣን። ሳምንቱን ሙሉ አኘክናት፤ በቀኝ በኩል።

አስቡት እስኪ። ሰው ሕመም ይፈራና ይቆያል። ስለቆየ ያመረቅዛል። ስላመረቀዘ ማደንዘዣው ይደክምበታል። ስለዚህ ያመዋል። ስላመመው «አላልኳችሁም!» ብሎ ለልጁ፣ ለጎረቤቱ፣ ለጓደኛው ያወራል። የሰማው ሁሉ ደግሞ ይፈራና ይቆያል። ፍርሃታችን ራሱ የሚያስፈራውን ነገር እየሠራ ያቀርብልናል። ገንዘቡም እንዲሁ ነው። ትንሽ ቀዳዳ ማስሞላት ሳይከብደን እንቆይና የስር ሕክምና ደረጃ ላይ ስንደርስ ዋጋው ያስደነግጠናል፤ ማስነቀል ይረክሳልና እናስነቅላለን። ከዚያ «ጥርስ ሐኪም ማለት ነቃይ ነው» እንላለን። ሄደን የምናውቀው ለመነቀል ብቻ ከሆነ ሌላ ምን እንበል?

የአያቶቻችን ፍርሃት አይፈረድበትም። ዊልያም ሞርተን የሚባል የቦስተን ጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1846 በሽተኛን በኤተር አስተኝቶ ቀዶ ሕክምና ያለ ሕመም እንደሚቻል በአደባባይ ሲያሳይ አፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ኃይሉ ነበሩ። ዛሬ ድዳችን ላይ የሚወጋው ሊዶኬይን የተሠራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ ሠሪው ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግረን ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ሰው ጉጠት ቢፈራ ልክ ነው። እኛ ግን ጊዜው ያለፈበት ፍርሃት ነው የምንበላው።

በቀጠሮው ቀን እብጠቱ ጎድሏል። ሦስታችንም ገባን። ሐኪሟ ወንበሩን ከማስተኛቷ በፊት አንድ ነገር አለችው። «ግራ እጅህን ካነሳህ አቆማለሁ። ለምን ብዬ አልጠይቅህም።» መርፌውን ወጋች። ጠበቀች። ከንፈሩን ነካ ነካ አድርጋ «ይሰማሃል?» አለች። ጠበቀች። እንደገና ጠየቀች። ከዚያ «አሁን መገፋት ይሰማሃል፤ ሕመም ግን ሊሰማህ አይገባም» ብላ ጀመረች።

ወዲያው እጁ ተነሳ።

አቆመች። እቃውን ከአፉ አወጣች፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀመጠች። አላጉረመረመችም፣ ሰዓት አላየችም። እሱ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና በደነዘዘ አፉ «አላመመኝም... ዝም ብዬ ነው» አለ። «አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ይሞክረኛል» አለችው። ፍርሃቱ የተነቀለው እዚያ ጋ ነው፤ ጥርሱ ከዚያ በኋላ ነው የወጣው። በ1994 የጎደለው መርፌ ብቻ አልነበረም ለካ። «አቁሙ» ሲል የሚያቆም ሰው ነበር የጎደለው።

መንጋጋችንን በጥጥ ላይ አድርጋ አሳየችን። ከላይ ቀዳዳዋ፣ ከስር የመርቀዝ ከረጢቷ። «መዳን ይችል ነበር?» አልናት። «መጀመሪያ ጥቁር ነጥብ ስትሆን ብትመጡ በአንድ ቀጠሮ ሞልቼ እልካችሁ ነበር» አለች። ደስ የሚል መጨረሻ ብትጠብቁ ይቅርታ፤ ያ ጥርስ አልተረፈም። ጉጠት አይደለም የወሰደብን፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጃችን የሰጠነው ነው።

ስምምነት ስምምነት ነውና ሁለታችንም በየተራ ወንበሩ ላይ ወጣን። አንዳችን ጥርሱን ታጥቦ «ማታ ማታም ቦርሽ፣ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና» ተብሎ ተለቀቀ። ሌላው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ተገኘች፤ ልክ የዚያችኛዋ ታናሽ እህት። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ተሞላች። አጃቢዎቹ ከበር ውጭ ሳይሆን ከወንበሩ አጠገብ ቆመን አየን። ጩኸት አልነበረም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኛ እንጨምርበት፤ ፍርሃቱን የደበቀም የለውም። ስትሄዱ መጀመሪያ «እፈራለሁ» በሉ፤ ሳይጀመር ቆሞ የሚያስረዳችሁና እጃችሁን ስታነሱ የሚያቆም ሐኪም ፈልጉ፤ ብቻችሁን መሄድ ካቃታችሁ ጓደኛ ጎትቱ፣ ያውም አፉን የሚከፍት ጓደኛ። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ሳያመው ውሰዱት፤ በሩ ላይ የሚሰማውን ነገር ሃያ ዓመት ይዞት ይዞራልና።

ስንወጣ ጓደኛችን ጥጡን ነክሶ፣ ጥርሱን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከቶ ነበር። «ምን ልታደርግበት ነው?» አልነው። በጥጡ መሃል «ካዛንቺስ ጣሪያ ላይ ልወረውረው ነበር» አለ። ዞር ዞር ብለን አየን። የእኛ ቆርቆሮ የለም። ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተና የገላን ጉራ ታክሲ ፍለጋ ሄድን።