ድምፁ የተዘጋበት ኪቦርድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፣ ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ከሩቅ አገር የመጣችሁ ምእመናን፤ በዚህች ጽሑፍ የምነግራችሁ ታላቅ ነገር አይደለም። በቤቴ ጠረጴዛ ላይ ስለ ጠገንሁት አንድ ኪቦርድ ነው። ነገር ግን ከጥገናው በስተኋላ የተሸሸገ በደል ስላለ፣ አንዱን ትቼ ሌላውን ብቻ መናገር አልቻልሁም።

እኔ በድጓ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ስቀበል፣ ድፋቱንና ቅናቱን፣ ርክርኩንና ቁርጡን የለየሁት በጆሮዬ ነው። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢየሩሳሌም ከተማ የሚኖሩ እናቶች ገንዘብ አዋጥተው ለልጆቻቸው የቅዳሜ መዝሙር ጥናት ኪቦርድ ወደ ገዳማችን አዳራሽ ባመጡ ጊዜ ደስ አላለኝም። በማኅሌት ቦታ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል፤ በዚያ የሚያገለግሉት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። እኔ ግን ለጥናት እንኳ አልፈቀድሁትም። «የኪቦርዱ ቁልፎች በተወሰነ ልክ የተደረደሩ ናቸው፤ በአንዱና በሁለተኛው መካከል የሚንሸራተተውን የዜማችንን ድምፅ አያወጡትም፤ የልጆቹ ጆሮ ይበላሻል» ብዬ በጉባኤ ተናገርሁ። አንድ አባት ፈገግ ብለው፣ «በዚህች ከተማ፣ በገዳማችን፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ እየተጫወቱ አልኖሩምን?» አሉኝ። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ያረፉትን እናታችንን ማለታቸው ነው። መልስ አጣሁ፤ ሐሳቤን ግን አልለወጥሁም።

የግቢውን መብራትና የድምፅ ማጉያ መጠበቅ የእኔ አገልግሎት ስለሆነ፣ ኪቦርዱ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ በእኔው ቤት ይቀመጥ ነበር። ባለፈው ወርኃ ጽጌ፣ በአንድ የእሑድ ሌሊት፣ ለማኅሌት በጨለማ ተነሣሁ። ልጆቹ የሚለማመዱበት የጆሮ ማዳመጫ እንደተሰካ ቀርቶ ኖሮ እግሬ በገመዱ ተጠለፈ። ኪቦርዱ ከመደርደሪያው ተንሸራትቶ፣ ማዳመጫው በተሰካበት በኩል ወለሉን መታ። አነሣሁት፤ ማዳመጫውን ነቀልሁ፤ አቧራውን ጠርጌ ወደ ቦታው መለስሁትና ወደ ማኅሌቱ ሄድሁ። ለማንም አልተናገርሁም።

በተከታዩ ቅዳሜ ሲከፈት መብራቱ በራ፤ ድምፅ ግን የለም። ባለፈው ሳምንት ዕቃውን የሰበሰበው ኪቦርዱን የሚጫወተው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለነበር፣ ሁሉም ዓይን ወደ እርሱ ዞረ። እናቱ አረጋውያንን በመንከባከብ የምትተዳደር እኅት ናት። ልጇን በሰው ፊት፣ ለመሳለም የመጡ እንግዶችም ባሉበት ገሠጸችው። ወደ እኔም ዞራ፣ «አባታችን፣ ይቅር በሉን፤ ማሠሪያውን እኔ እከፍላለሁ» አለችኝ። እኔም «ግድ የለም» ብቻ ብዬ ዝም አልሁ። ከዝምታውም የሚያሳፍረኝ፣ በልቤ ጥግ «እንኳን ተበላሸ» የሚል ሐሳብ መኖሩ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ አልመጣም።

በዚያ ምሽት ኪቦርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖርሁት። መጀመሪያ የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቼ ቁልፉን ነካሁ፤ ድምፁ ተሰማኝ። ስነቅለው ስፒከሮቹ ጸጥ አሉ። ከዚህ በኋላ ጉዳቱ ያለበትን መለየት አልከበደኝም። በብዙ ኪቦርዶች የማዳመጫው መሰኪያ ውስጥ እንደ በር የሚሠራ ትንሽ የብረት ምላስ አለ። ማዳመጫ ሲገባ ምላሱን ይገፋዋል፤ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄደው መንገድም ይቋረጣል። ማዳመጫው ሲወጣ ምላሱ ተመልሶ ይገጥማል፤ መንገዱም ይከፈታል። ምላሱ ከተጣመመ፣ ከቆሸሸ ወይም የመሰኪያው እግር ከተላቀቀ ግን ማዳመጫ ባይኖርም መንገዱ እንደተቋረጠ ይቀራል። ድምፁ በውስጥ አለ፤ ወደ ውጭ የሚወጣበት ግን የለውም።

ከኤሌክትሪክ ነቅዬ ገለበጥሁት። ረጃጅሞቹን ብሎኖች በአንድ ስኒ፣ አጫጭሮቹን በሌላ ስኒ ለየሁ። ክዳኑን ያነሣሁት በቀስታ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ጠፍጣፋ ገመዶች ከተጎተቱ ይበጠሳሉና። በማጉያ መነጽር ስመለከት በመሰኪያው ሁለት እግሮች ዙሪያ ብየዳው እንደ ፀጉር በቀጠነ ክብ ተሰንጥቋል። በዚያ ሌሊት በይጄው ማደር እችል ነበር። ነገር ግን በስውር ጠግኜ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኗል» ብል፣ ኪቦርዱ ይናገራል፤ ልጁ ግን በደለኛ እንደተባለ ይቀራል። ስለዚህ እንደተከፈተ ተውሁትና በማግስቱ እናቲቱን በስልክ ልጇን ይዛ እንድትመጣ ለመንኋት።

ልጁ ሲገባ ስንጥቁን በመነጽሩ አሳየሁትና፣ «ልጄ፣ የጣልሁት እኔ ነኝ» አልሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «አባ፣ ለእማዬ ይንገሯት» አለኝ። በደጅ ተቀምጣ ነበርና ጠርቼ ነገርኋት። እርሷም ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ፣ «አባታችን፣ እኔ እኮ የገሠጽሁት በሰው ፊት ነው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ የነገሩም ዋና ይህ ነበር።

ከዚያ መስኮቱን ከፍተን ሥራ ጀመርን። ልጁ በስልኩ አበራልኝ። እርሳስና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት የብየዳ ሽቦ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ነገር ግን የመሰኪያው እግርና ከሥሩ ያለው መዳብ አብረው ካልጋሉ ብየዳው ከላይ የያዘ መስሎ ከሥር ይላቀቃል። ሁለቱንም ለጥቂት ሰከንድ አግዬ አዲስ ሽቦ ጨመርሁ፤ አብረቅርቆ እግሩን ከበበው። ምላሱንም በአልኮል ጠረግነው። የዚህ ኪቦርድ ኃይል ከውጭ ባለ አስማሚ የሚመጣ ዝቅተኛ ኃይል ነው፤ የግድግዳው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ግን ለባለሙያ ተዉት። ማዳመጫም ሰክታችሁ አታሳድሩ።

ሲከፈት ድምፁ ቤቱን ሞላው። ልጁ ለኅዳር ጽዮን የሚያጠኑትን መዝሙር ተጫወተ። እኔም በአራራይ ጥቂት ዜምሁለት። እየተከተለኝ ቁልፎቹን ሲፈልግ ቆይቶ ጣቱን አነሣና፣ «አባ፣ ይህችኛዋን አያገኛትም፤ በሁለቱ መካከል ናት» አለኝ። ይበላሻል ብዬ የፈራሁት ጆሮ የዜማውን ልዩነት ለይቶ ሰማ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በደሌን በልጆቹና በእናቶቹ ፊት ተናገርሁ። ነገር ግን በተግሣጹ ዕለት በአዳራሹ ከነበሩት እንግዶች ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ተመልሰዋል፤ ይህች ጽሑፍ ደግሞ ከእነርሱ ዘንድ ትደርሳለች። በዚያ ቀን ልጁ ሲገሠጽ ያያችሁ ሁሉ፣ ኪቦርዱን የጣልሁት እኔ እንደሆንሁ እወቁልኝ፤ ያን ዕለት ያያችሁትን ለሌላ ነግራችሁ እንደሆነም ይህንን ጨምራችሁ ንገሩ። በጸሎታችሁም አስቡኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።