የታሰረው ጭልፊት ሥዕል

በሐርቡ ቤታችን፥ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ፥ አንድ የጭልፊት ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይገኛል። ወደ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ከመቀመጡ በፊት ቀና ብሎ ያየዋል፤ «እንዴት ያለ ቁጡ ወፍ ነው! ይህን ያህል ቀርበው እንዴት አነሡት?» ብሎም ያደንቃል። እኔም ምስጋናውን በዝምታ ስቀበል ቈይቻለሁ። ዛሬ ግን የዚህን ሥዕል ታሪክ እንደ ሆነው አድርጌ ለአንባቢዎች ልነግር ወድጃለሁ፤ ልጆች በሚያድጉበት ቤት ሁሉ የሚጠቅም ነገር ይገኝበታልና።

ሐርቡ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የቦርከና ወንዝ ይወርዳል፤ ዙሪያዋም የማሽላና የጤፍ እርሻ ነው። እህል ባለበት አይጥ አይታጣም፤ አይጥ ባለበትም ጭልፊት አይጠፋም። የእኛው ጭልፊት ጀርባው ጥቁር፥ ደረቱ ነጭ፥ ጅራቱ እንደ ሸክላ የቀላ ነው። አይጥና ፍልፈል እያደነ ስለሚበላ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል የእርሻ ዘበኛ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ይህን ወፍ ለውጭ አገር ሊቃውንት በጽሑፍ ያስታወቀው በአገራችን ተዘዋውሮ የነበረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፥ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1836 ነበር።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ከወንጌላዊው ዮሐንስ ጋር የሚሣለውን ንስር እያየሁ ስላደግሁ፥ የእንዲህ ያለውን ወፍ ፊት ቀርቤ ማየት እመኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ከውጭ አገር ካሜራ በላከልኝ ጊዜ፥ ጡረታ ላይ ስለ ነበርሁ፥ በየማለዳው ወደ እርሻው ዳር እየወረድሁ ጭልፊት ለማንሣት እደክም ጀመር። ነገር ግን ወፉ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ይነሣል፤ ሥዕሉም ሲታይ ከዝንብ አይበልጥም ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ሦስት የሠፈራችን ልጆች አንድ ጭልፊት እግሩን በሲባጎ አስረው ወደ ደጄ መጡ። ጫጩት ሊነጥቅ ሲወርድ በዱላ አስደግፈው ባቆሙት ቅርጫት እንደ ያዙት ነገሩኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሲባጎውን ከአጥሩ እንጨት ጋር አሰርሁ፤ ቋጠሮው እንዳይታይም በሣር ሸፈንሁት። የቀትር ፀሐይ ዓይኑን በጥላ ስለሚጋርደው፥ ብርሃኑ እስኪለዝብ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል አቈየሁት። ሥዕሉን ካነሣሁ በኋላ ሲባጎውን ቈርጬ ለቀቅሁት፤ በርሮም ከመንገዱ ማዶ ባለው ዋርካ ላይ ዐረፈ። ለልጆቹም ለእያንዳንዳቸው 50 ብር ሰጠኋቸው። ወፉን ነፃ አወጣሁ፥ ልጆቹን አስደሰትሁ፥ ሥዕሌንም አገኘሁ ብዬ በዚያች ሌሊት በሰላም ተኛሁ። በማግስቱም ኮምቦልቻ ሄጄ ፎቶግራፉን አሳተምሁት።

እንግዶቼ ቁጣ ነው የሚሉት የተከፈተው አፉ ግን ቁጣ አይደለም። ወፍ ላብ የለውም፤ ሲፈራና ሙቀት ሲጸናበት አፉን ከፍቶ እንደ ውሻ ያለከልካል። ይህን የተረዳሁት ኋላ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ እነዚያው ልጆች ሁለተኛ ጭልፊት ይዘው መጡ። ይኸኛው በወንጭፍ የተመታ ነበር፤ ግራ ክንፉ ተሰብሮ መሬት ይጠርጋል። ታናሹ ልጅ ፊቱ በደስታ እያበራ፥ «ጋሼ፥ ይኸኛው አይበርም፤ እንደ ልብዎ ያነሡታል» አለኝ።

እጅግ ተቈጣሁ። ጩኸቴንም ሰምተው፥ ከመስጊድ ሲመለሱ የነበሩ ሽማግሌ ጎረቤቴ ገቡ። ነገሩን ከልጆቹ ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፥ «ልጆቹን ለምን ይቈጧቸዋል? ገበያውን የከፈቱት አንቱ ነዎት፤ እነሱ ሸቀጡን ነው ያመጡት» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ፥ በላማልሞ ተራራ ላይ ምሳቸውን ሲበሉ ሥጋ ሊነጥቅ የመጣውን ትልቅ ወፍ ተኵሶ እንደ ገደለው፥ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል፤ ስሙንም «ንስር ወርቅ» ብሎ መዝግቦታል። ይህን ሳስብ የእኛ ዘመን ካሜራ ከዚያ ጠመንጃ የተሻለ ነው እያልሁ እመካ ነበር። ነገር ግን ወንጭፉን የወጠረው የእኔ ገንዘብ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ።

ወፉን በጨርቅ ሸፍነን፥ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ አድርገን ከልጆቹ ጋር ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙም፥ «ጨለማ ያረጋጋዋልና ሸፍኑት፤ ከአፉ ይልቅ ጥፍሩን ፍሩ፤ ውኃ በግድ አታጠጡት፤ ሥጋ በል ነውና እንጀራና ወተት አትስጡት» ብሎ መክሮ ክንፉን አሰረለት። ሆኖም አጥንቱ ቆዳውን ወግቶ ወጥቶ ነበርና በአራተኛው ቀን ሞተ። ታናሹ ልጅ በጓሮዬ ቀበረው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። በሆለታ አቅራቢያ ባለው እንሰሳ ኮቴ በተባለው ማዕከል ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ይጠበቃሉ፤ ወደ ዱር ሊመለሱ የማይችሉት በዚያው ይኖራሉ። እንዲህ ያለው እንስሳ በአጥር ውስጥ ቢኖር ስለ ራሱ ደኅንነት ነው። የእኔ ጭልፊት ግን ለሁለት ሰዓት የታሰረው ለእኔ ሲባል ነበር። ልዩነቱም በሥዕሉ ላይ አይታይም፤ ያነሣው ሰው ካልተናገረ ማን ያውቃል?

እውነቱን ለመናገር፥ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም ምስጋና መቀበሌን አልተውሁም ነበር። አንድ ቀን ግን እንግዳ ሥዕሉን ሲያደንቅ ታናሹ ልጅ በቤቴ ነበረ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ ለተያዘ ወፍ ገንዘብ አልሰጥም። ካሜራውን ግን ለልጆቹ እያዋስሁ አብረን ወደ እርሻው ዳር እንወርዳለን። ታናሹ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተቀመጠ ጭልፊት አንሥቷል፤ ከዝንብ ባይበልጥም ሲባጎ የለበትም። ባለቤቴ የእኔው ሥዕል እንዲወርድ ብትጠይቀኝም አላወረድሁትም፤ ከሥሩ በእጄ ጽሕፈት፥ «እግሩ በሲባጎ ታስሮ የተነሣ» ብዬ ጻፍሁበት። አሁን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ሥዕሉን ያያል፤ ቀጥሎም ጽሕፈቱን አንብቦ ይጠይቀኛል። እኔም እነግረዋለሁ።