የአደራ ውሻ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የተወረወረው በውሻ ላይ አይደለም፤ ጥቅም ባገኘበት ደጃፍ ሁሉ በሚያጎነብስ ሰው ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬ ተረቱን ከሰው ነጥቄ ለውሻው ልመልስለት እወዳለሁ። በሁለት ቤት የበላ ውሻ ለሁለት ቤት ሲጮኽ አይቻለሁና። በዚያውም ላይ የምናዘዘው ጥፋት አለብኝ።

የምኖረው አምቦ ነው። ቀን ቀን ባንክ ቤት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። የትውልድ ቀዬዬ ጌዶ ነው፤ ጉደርን አልፎ ወደ ምዕራብ፣ ብርዱ ከሚበረታበት ከፍታ ላይ። እናቴ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ገናንና ፋሲካን ያለ እርሷ አውዬ አላውቅም። ታዲያ ዓውደ ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ከደስታዬ ጋር ይመጣ ነበር፤ ቡቺን፣ ውሻዬን፣ ለማን ልተዋት?

ባሕር ማዶ ለዚህ ጥያቄ ገበያ ተዘጋጅቶለታል። ውሻ በአዳር ሒሳብ የሚከርምበት ቤት አለ፤ ባለቤቱ ይከፍላል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። እዚያም ቢሆን ወጪው የከበዳቸው፣ ወይም ውሻቸውን በባዕድ ውሾች ጩኸት መሐል መተው ያልወደዱ ሰዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ዛሬ ያንተን እኔ ልያዝ፣ ነገ የእኔን አንተ ትይዛለህ ይባባላሉ። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ደቦ ወጥቶ የጎረቤቱን ማሳ ያጨደ ገበሬ ብድሩን በተራው እንደሚቀበል ሁሉ የውሻም ደቦ ይኖራል። በእኛ ሰፈር ደግሞ የውሻ ማሳደሪያ ቤት የለም። ያለው ጎረቤት ነው።

የእኔ ጎረቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «መምህር» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። አንበሴ የሚባል ያረጀ ውሻ አላቸው። ውላችን በአንድ ቃል ያለቀ ነበር። እኔ ጌዶ ስሄድ ቡቺ እርሳቸው ግቢ ትከርማለች፤ እርሳቸው ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሲወርዱ አንበሴ እኔ ዘንድ ይመጣል። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም፣ «አደራ» ብቻ። ይህን ቃል አማርኛውም ኦሮምኛውም ይጋሩታል፤ በእኛ አገር ሰው በየትኛውም ቋንቋ ቢጠራው ክብደቱን ያውቀዋል።

አምና በኅዳር ወር መምህር ለዓይን ሞራ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። አንበሴን እስከ በሬ ድረስ ራሳቸው አመጡልኝ። ገመዱን ሲያስረክቡኝም እንዲህ አሉኝ፤

«ስማኝ ልጄ፤ የእኔም የእርሱም ዓይን አንድ ዓይነት ደዌ ነው የያዘው። የግራው አያይለትም። በግራ በኩል ድንገት አትቅረበው፣ ይደነግጣል።»

እኔም «እሺ መምህር» አልኩ። የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ እንጂ ልብ አላልኩም። በባንክ መስኮት አንድ ሳንቲም ብትጎድል እስከ ማታ የምፈልግ ሰው፣ ከአደራው ሁሉ የከበደውን ቃል እንደ ዋዛ ጣልኩት።

በአራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ የጎረቤታችን ልጅ፣ የሰባት ዓመት ሕፃን፣ ኳሷ ግቢዬ ገባባት። የውጭውን በር ገርበብ አድርጌ ትቼው ነበር። ልጅቷ በግራ በኩል ሮጣ መጣች። አንበሴ ተኝቶ ነበር። ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ክንዷ ደምቶ አገኘኋት።

የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ሲነሳ የማይበረግግ እናት የለም። ትክክልም ናት። ሰውን ከሚይዘው ከዚህ በሽታ መቶው ውስጥ ዘጠና ዘጠኙ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየም መዳን የለም ማለት ይቻላል። እናቶቻችን ሆድ ላይ በየቀኑ ሲወጋ ያዩትን የድሮውን መርፌ ዛሬም እየዘገነናቸው ያወራሉ። በሌላ በኩል ግን ከምልክቱ በፊት ከተደረሰበት ሊገታ የሚችል በሽታ ነው። ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. በውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ከከተበ ወዲህ መንገዱ ይታወቃል።

ቁስሏን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል አጠብንላት። ከዚያ ወደ ሕክምና ይዘናት ሮጥን፤ ክትባቱን በዚያው ዕለት ጀመረች። ስንመለስ የሰፈሩ ጎልማሶች ዱላ ይዘው በሬ ላይ ቆመው ነበር። «ይህ ውሻ ዛሬ ማደር የለበትም» አሉ። ያዳነው የሐኪሙ ቃል ነው። ውሻው ታስሮ አሥር ቀን ይጠበቅ፤ በሽታው በምራቁ ካለ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ራሱ ይታመማል፣ ይሞታልም፤ አሥሩን ቀን በጤና ከዘለቀ ግን ሲነክሳት በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። ከሞተ ውሻ ይልቅ በሕይወት ያለው ውሻ ለልጅቷ ይጠቅማል።

በማግሥቱ ማለዳ የልጅቷ እናት በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ሰላምታ የለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

«ቢሻን ዱጌ?»

ውኃ ጠጣ ወይ? ያበደ ውሻ ጉሮሮው ስለሚሽመደመድ መዋጥ እንደሚያቅተው ሰምታለች። እኔም ጣሳውን ፊቱ አኖርኩለት፤ አንበሴ ጠጣ፤ እርሷም እስኪጨርስ አይታ ሄደች። በሁለተኛውም ቀን መጣች፤ በሦስተኛውም። ሥራ ከመግባቴ በፊት ሁለታችን ቆመን አንድ ሽማግሌ ውሻ ውኃ ሲልስ እንመለከታለን። በሕይወቴ እንደዚያ በትኩረት የተመለከትኩት ነገር አለ ለማለት ይከብደኛል። በስድስተኛው ቀን ባዶ እጇን አልመጣችም፤ በፌስታል አጥንት ይዛ ነበር። «ይብላ፤ መዋጡን ልይ» አለች። ድምፅዋ ግን ከቃሏ ይልቅ ለስልሶ ነበር።

መምህር በእነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ደውለዋል። «አንበሴ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ደኅና ነው» አልኳቸው። በፋሻ ለተሸፈነ ዓይን እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱን ልናገር፤ ያዘንኩት ለዓይናቸው ሳይሆን ለራሴ ስም ነበር።

አሥረኛው ቀን አለፈ። አንበሴ በላ፣ ጠጣ፣ ጮኸ። ሦስተኛውን መርፌ ወስዳ የነበረችውን ልጅ ሐኪሙ «ቀሪው አያስፈልግም» ብሎ አሰናበታት።

መምህር ሲመለሱ ሁሉን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቤታቸው ገቡና አሮጌ መዝገበ ቃላት ይዘው ወጡ፤ ከገጾቹ መሐል አንዲት የታጠፈች ወረቀት መዘዙ። የአንበሴ የክትባት ወረቀት ነበረች። ገና ዓመት አልሞላትም።

«መጠበቁስ አይቀርም ነበር» አሉኝ። «ነገር ግን በመጀመሪያው ማታ ብትደውልልኝ ኖሮ ያቺ እናት አሥር ሌሊት በጭንቅ አታድርም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ሰው «አደራህን በላህ» ሲባል ብሰማ ገንዘብ ብቻ አይታየኝም። አደራ ማለት እህሉን ማብላት፣ ውኃውን ማጠጣት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ አደራው ያለው በቃሉ ውስጥ ነው፤ በግራ አትቅረበው በሚለው። ቀጥሎም አንድ ነገር ሲበላሽ ፈጥኖ በመናገሩ ውስጥ ነው።

አሁንም ውሾቻችንን እንለዋወጣለን። የተለወጠው፣ ከገመዱ ጋር አንዲት ወረቀት አብራ መሄዷ ነው። ውሻው ምን እንደሚፈራ፣ መቼ እንደተከተበ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ ስንት እንደሆነ ተጽፎባታል። መምህር በአንድ ዓይናቸው አጥርተው እያነበቡ ፊደሌን ያርማሉ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ መንገድ ሲያጋጥመን ደግሞ ውሾቹን የምታበላልን የልጅቷ እናት ናት፤ ራሷ ናት የጠየቀችን። አንበሴም ሌሊት ኮቴ ሲሰማ ለሦስት ቤት ይጮኻል።

ቆጥረው የሰጡኝን ቆጥሬ መለስኩኝ፣
ሳይቆጥሩ ያመኑኝ ፊት ግን ጎደልኩኝ፤
የአደራ ዕዳማ በብር አይከፈልም፣
ሐቁን ካልነገሩት ቀንበሩ አይቀልም።

ቸር እንሰንብት።