ስኮርታ ወይስ ጠርሙስ? አዲሱ ገበያን አልፈው ሲወጡ

ከፒያሳ ተነስተው በሰሜን ማዘጋጃና በሰሜን ሆቴል በኩል ሽቅብ ሲነዱ አዲሱ ገበያ ይደርሳሉ። ስሙ ገበያ ነው፤ ራሱም ገበያ ነው። ሽንኩርትና ድንች ሸራ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል፤ በዓል ሲቃረብ በግና ዶሮ ይበዛል፤ የታክሲ ረዳቶች «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያሉ ይጣራሉ። መኪና ለሚነዳ ሰው ግን አዲሱ ገበያ ሌላም ነገር ነው፤ የጎጃም መንገድ ከከተማ የሚወጣበት በር ነው። ከዚህ በኋላ አስፋልቱ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል፤ ከዚያም ጫንጮን፣ ሙከጡሪን፣ ፍቼንና ገብረ ጉራቻን አልፎ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ይገባል።

ለብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ይህ የቅዳሜና እሁድ መንገድ ነው። አንዱ ሱሉልታ ላይ አየር ለመቀበልና ልጆቹን ለማናፈስ ይወጣል፤ ሌላው የሰላሌን ቅቤና አይብ ይዞ ለመመለስ፤ ሌላው ደብረ ሊባኖስን ለመሳለም። ዘመድ ያለው እስከ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ይዘልቃል። መኪናው ውስጥ ልጆች አሉ፣ አያት አሉ፣ ምሳ ተቋጥሯል። የኋላው ኮፈን ሲዘጋ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አብሮ ይዘጋል፦ ጎማ ቢተነፍስ ምን ይዘናል?

የጎሚስታ ቋንቋ

አዲሱ ገበያ ላይ ጎሚስታ አይጠፋም። ምልክቱን ማንም ያውቀዋል፤ መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ ጎማ፣ የሚያጓራ ኮምፕረሰር፣ ውኃ የተሞላ ግማሽ በርሜል። የተነፈሰው ጎማ ውኃው ውስጥ ቀስ እያለ ይዞራል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ሚስማሩ በጉጠት ይነቀላል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ነፋስ ይሞላል። ባለ መኪናው ሻይ ሳይጨርስ ሥራው ያልቃል።

እዚህ የሚነገረው ቋንቋ ግማሹ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ካላማዳሪ። ስኮርታም ከዚያው ነው፤ ትርጉሙ መጠባበቂያ ማለት ነው። ሕንዶች ደግሞ ይህንኑ ተጠባባቂ ጎማ «ስቴፕኒ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1904 በዌልስ ላኔሊ በተባለች ከተማ፣ በስቴፕኒ ጎዳና ይሠሩ የነበሩ ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች ከተነፈሰው ጎማ ጎን የሚታሰር ተጠባባቂ ጎማ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። ያን ጊዜ መኪና ከፋብሪካ የሚወጣው ያለ ስኮርታ ነበር፤ ጎማ ሲበሳ ነጂው መንገድ ዳር ተቀምጦ ይጠግን ነበር።

ስኮርታው ወዴት ሄደ?

ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬ መኪኖች እንደገና ያለ ስኮርታ መምጣት ጀምረዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። ከእነዚህ የብዙዎቹን የኋላ ኮፈን ከፍተው ምንጣፉን ቢያነሱ ጎማ አያገኙም። የሚያገኙት አንዲት ትንሽ ኮምፕረሰርና ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ ነው።

ምክንያቱ ስስት ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከወለሉ በታች ሰፊ ቦታ ይይዛል። ሙሉ ስኮርታ ከነቸርኬው 20 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ይችላል፤ ክብደት በቀነሰ ቁጥር ደግሞ መኪናው በአንድ ቻርጅ ይበልጥ ይጓዛል። ወጪም ይቀንሳል። በነዳጅ የሚሠሩ ብዙ አዳዲስ መኪኖችም ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል።

በመካከል ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ በቪትዝና በመሰል ትንንሽ መኪኖች ውስጥ የሚገኘው ቀጭኑ ስኮርታ። ቀጭን የሆነው ቦታ ለመቆጠብ ነው። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳበትም፤ ዓላማውም ጎሚስታ ጋ ማድረስ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የነፋሱ መጠን ነው። መደበኛው ጎማ 30 ፒኤስአይ አካባቢ ሲሞላ፣ ቀጭኑ ስኮርታ አብዛኛውን ጊዜ 60 ይፈልጋል። በልማድ 30 የተሞላ ቀጭን ስኮርታ ግማሽ ስኮርታ ነው።

ጠርሙሱ የሚችለው

ጠርሙሱን መናቅ አይገባም። ሕንፃና መንገድ ያለማቋረጥ በሚሠራበት ከተማ ጎማ የሚበሳው ብዙውን ጊዜ በሚስማር ወይም በፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ያለውም መሬት በሚነካው የጎማው ጥርስ ላይ ነው። ጠርሙሱ የተሠራው ለዚህ ነው። ፈሳሹ በኮምፕረሰሩ ግፊት በነፋስ መሙያው በኩል ይገባል፤ ጎማው ሲሽከረከር ውስጡን ያዳርሳል፤ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ይረጋና ይደፍነዋል። ሚስማሩ ባይነቀል ይመረጣል፤ እሱ ራሱ ቀዳዳውን ያጠብበዋል። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከተነዳ በኋላ ቆሞ ነፋሱን እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ትልቁ ጥቅሙ ጉልበት አለመጠየቁ ነው። ክሪክ የለም፣ ዳዶ መፍታት የለም፣ 20 ኪሎ ማንሳት የለም። ምሽት ላይ ሁለት ልጆች ይዛ ብቻዋን ለምትነዳ እናት፣ ወይም ወገባቸውን ለሚያማቸው አባት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገደቡ ግን ግልጽ ነው። አምራቾች እንደ ዓይነቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከሚደርስ ቀዳዳ በላይ እንዲሞከር አይመክሩም። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጎኑ የተቀደደ፣ የፈነዳ፣ ወይም ተንፍሶ ሳለ በቸርኬው የተነዳ ጎማ በጠርሙስ አይድንም። ፈሳሹም እንደ መድኃኒት የአገልግሎት ጊዜ አለው፤ ቀኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። አንዴ ከተጠቀሙበት ደግሞ አለቀ። ጎሚስታው ጋ ሲደርሱም ፈሳሽ እንደገባበት ይንገሩት፤ ልጥፍ ከማድረጉ በፊት ውስጡን ማጠብ ይኖርበታል።

ስኮርታም የሚያሳፍርበት ጊዜ አለ

ስኮርታ አለኝ ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ለዓመታት ያልታየ ስኮርታ ነፋሱን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ክሪኩ ለጎረቤት ተውሶ ቀርቶ ይሆናል። ጎማው እንዳይሰረቅ የሚታሰረው ልዩ ዳዶ መፍቻው ቤት መሳቢያ ውስጥ ይሆናል። በማሽን የጠበቀ ዳዶም መኪናው ውስጥ ባለች አጭር መፍቻ እሺ አይልም፤ ረዘም ያለ መፍቻ ወይም ቱቦ ይዞ መጓዝ ያዋጣል።

ስለዚህ የሚነጻጸሩት ጥሩ ስኮርታና ጥሩ ጠርሙስ ናቸው። ነፋስ የሌለው ስኮርታ፣ ጊዜው ያለፈበት ጠርሙስም፣ ሁለቱም ሸክም ናቸው።

መልሱን መንገዱ ይሰጣል

ከአዲሱ ገበያ ቁልቁል፣ ማለትም ወደ ከተማው፣ ጠርሙሱ ይበቃል ማለት ይቻላል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ እንኳ ቢያጋጥም ጎሚስታ ቅርብ ነው፤ ታክሲ አለ፣ የሚደርስ ወንድም አለ። ሱሉልታና ጫንጮ ድረስም ቢሆን በቀን ብዙ አያስጨንቅም፤ መንደሩ የተያያዘ፣ መንገዱ ሰው የማይለየው ነው። ግን በዚህ መስመር ከደርባ የሚመጡ የሲሚንቶ መኪኖች ስለሚመላለሱ የአስፋልቱ ዳር ይሸረፋል፤ ከባድ መኪና አሳልፋለሁ ብሎ ዳር የያዘ ጎማ በጎኑ ይቆረጣል። ጎን ደግሞ ጠርሙሱ የማይሠራበት ቦታ ነው።

ከፍቼ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ፍቼ ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ከተሞቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ አቀበት። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ከጥንቱ ጎን ቆሟል፤ መሬቱ ግን ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል። ሙሉ ቤተሰብና ሻንጣ የጫነ መኪና እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጎማው ይግላል፤ ነፋሱ ያነሰ ከሆነ ጎኑ እየታጠፈ ይበልጥ ይግላል። ጎማ የሚፈነዳው እንዲህ ሲሆን ነው። የፈነዳ ጎማ ደግሞ ስኮርታ እንጂ ጠርሙስ አይመልሰውም።

ሌላም ነገር አለ። በአሁኑ ጊዜ ወደ ሰሜን ርቆ የሚሄድ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመንገዱን ሰላም ነው። መንገዱ ክፍት ነው ቢባልም ሰው በማይበዛበት ቦታ የሚቆሙበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። ስኮርታ መቀየር ለለመደው ሰው የ20 ደቂቃ ሥራ ነው፤ የጎተራ መኪና ወይም ጎማ የሚያመጣ ዘመድ መጠበቅ ግን ቀኑን ያመሻል።

መልሱ እንግዲህ በርቀት ይለካል። ከተማ ውስጥ ለሚውል መኪና ጠርሙሱ ይበቃል፤ ለአገር ቤት ጉዞ ስኮርታ ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም የሚይዝ ደግሞ የተሻለ ነው። መኪናዎ ያለ ስኮርታ ከመጣ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራን በመሰለ የመለዋወጫ ሰፈር የሚገጥም ቸርኬ መፈለግ ይቻላል። የዳዶው ቀዳዳ ብዛትና ርቀት፣ የጎማው ቁመትም እኩል መሆኑን አስለክተው፣ አንዴ አስገጥመው ይሞክሩት። የዘወትር ቦታው ቤት ነው፤ ለረጅም ጉዞ ብቻ ኮፈኑ ውስጥ በደንብ ታስሮ ይጫናል። ክሪክም ለብቻ ይገዛል። የኤሌክትሪክ መኪና ከባድ ስለሆነ የቪትዝ ክሪክ አይሸከመውም፤ ባትሪውም ከወለሉ በታች ስለሆነ ክሪኩ የሚገባው የመኪናው መመሪያ ባሳየው ነጥብ ብቻ ነው።

ሽቅብ ከመነሳትዎ በፊት

አዲሱ ገበያ ላይ አሥር ደቂቃ ቢቆሙ የሚከተለውን ይጨርሳሉ።

- የአራቱን ጎማዎች ነፋስ ያስለኩ። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ሙሉ ጭነት ሲኖር የሚሞላው ለብቻው ይጻፋል። ሩቅ ነድተው ጎማው ሳይግል ቢለካ ይመረጣል።
- ስኮርታውንም ያስለኩ። ቀጭን ከሆነ ጎኑ ላይ የተጻፈውን መጠን ለጎሚስታው ያሳዩት።
- ክሪኩን፣ መፍቻውንና የልዩ ዳዶውን መፍቻ በዓይንዎ ይዩ።
- የጠርሙሱን ቀን ያንብቡ፤ ኮምፕረሰሩን ሰክተው መሥራቱን ይሞክሩ።
- የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን፣ የእጅ ባትሪና ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ጠንካራ ጣውላ ይያዙ።

መንገድ ላይ ጎማ ከተነፈሰ ጥምዝ ላይ አይቁሙ፤ ቀስ ብለው ቀጥ ያለና ደልዳላ ቦታ ይፈልጉ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ልጆችና አረጋውያን ወርደው ከአስፋልቱ ርቀው ይቆዩ፤ መኪና በክሪክ ተነስቶ ሳለ ማንም ውስጡ አይቀመጥ።

ልጆቹ አሥራዎቹ ውስጥ ከገቡ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ዳዶ ያስፈቷቸው፣ ጎማ ያስቀይሯቸው። ወንድም ሴትም ይሞክር። ሌላ ጊዜ እናትና አባት መኪና ውስጥ በማይኖሩበት ጉዞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ምን እንዳለና ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው ይኖራል።