ደቻቱ ሲያጓራ

ድሬዳዋ መጥቶ ደቻቱን በጋ ላይ ያየ እንግዳ ወንዝ ብሎ አይጠራውም። ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ነጋዴ ሸራውን ይዘረጋበታል፣ ፍየል ይነዳበታል። ሁለቱን የከተማዋን ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለያቸውም ይኸው አሸዋ ነው። ወዲህ ማዶ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የደረሰው ባቡር የቆረቆረው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጥላው የበዛ ሰፈር አለ፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ ቀፊራ ገበያና እርስ በርስ የተቃቀፉት መንደሮች። ሰው በቀን አሥር ጊዜ ቢመላለስ ወንዝ ተሻገርኩ አይልም።

ክረምት ሲገባ ግን አንድ ነገር ይታየኛል። ወደ ማታ ገደማ፣ ዕድሜው ጠና ያለ የድሬ ሰው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ደቡብ፣ ወደ ደንገጎ ተራራ ይወረውራል። ሰማዩ እዚያ ከጠቆረ እርምጃውን ያፈጥናል። እግሩ ሥር ያለው አሸዋ ደረቅ መሆኑ አያጽናናውም። አብሮት የሚሄደው ወጣት ልጁ አባቱ ምን እንደሚያይ እንኳ አይጠይቅም።

ቅዳሜ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ ደቻቱ ሞልቶ ወጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋው ቤት አልባ ሆነ። ያ ውኃ የሐረርጌ ደጋ ዝናብ ነው። ደንገጎ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ይበልጣል፤ ድሬዳዋ 1 ሺህ 200 ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው ገደላማ ቁልቁለት ዛፉ ተመንጥሮ ያለቀ ነውና ዝናቡን አያቆየውም፤ እንደወረደ አፈሩንና ድንጋዩን ጠራርጎ ይሰደዋል። ከተማው ላይ የሚደርሰው እንግዲህ ውኃ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ሌሊት የተረፉ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼ ልብ ያልኩት፣ ወሬውን ከውኃው የሚጀምር አለመኖሩን ነው። ሁሉም ከድምፁ ይጀምራሉ። ባቡር የመሰለው አለ፤ ከባድ መኪና ግድግዳ ጥሶ የገባ የመሰለው አለ። ቀጥሎ የጭቃው ሽታ ይመጣል። ከዚያ ጨለማው፣ ከዚያ በስም መጣራቱ። ሞት የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም በአጭሩ።

ወንዙ አጠገብ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ቤት ተቀምጬ ዓይኔ ጣሪያው ላይ አረፈ። ማገሩ ሥር፣ ሰው ወንበር ላይ ቆሞ ብቻ በሚደርስበት ከፍታ፣ አንድ ምስማር ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። የቤት ካርታ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የሟች ባላቸው ፎቶ አለበት። «ለምን እዚያ ሰቀሉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ አቦ! ውኃው ሲመጣ ወረቀት ልፈልግልህ?» አሉኝ። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ እኔ እርስዎ እያልኳቸው እሳቸው አንተ እያሉኝ ነው የተጫወትነው።

ብዙ ያወሩኝ ግን ስለ በራቸው ነው። ያኔ በሩ ወደ ውጭ ነበር የሚከፈተው። ውኃው ከውጭ ተጭኖት፣ ከውስጥ ቢገፉት ቢገፉት እምቢ አለ። በመስኮት ወጥተው፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ለጎረቤት እያቀበሉ፣ ጣሪያ ላይ አደሩ። ቤቱ ሲጠገን ለአናጢው መጀመሪያ የተናገሩት ማጠፊያው እንዲዞር ነው። ዛሬ በራቸው ወደ ውስጥ ይከፈታል። ተነሥተው ከፍተው ዘግተው አሳዩኝ። ስለ ጠፉት ጎረቤቶቻቸው ያሉኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው፤ ስለ በሩ ግን ቡናው ከአቦል እስከ ቶና ሄደ። ሐዘኑን የት እንዳኖሩት ያኔ ገባኝ።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲበረታ እኒህን እናት አስታወስኩ። በ26ኛው ቀን ሌሊት የደረሰው ርዕደ መሬት በመለኪያው 5 ነጥብ 7 ነበር፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኛው ሳይቀር ተነሥቷል። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ወጣ። እዚያ ሰው ከጣሪያ ሥር መተኛት ፈርቶ ሜዳ ላይ ያድር ነበር። የደቻቱ ሰው ደግሞ መሬቱን ፈርቶ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነው የተረፈው። አደጋው ሲደርስ አንዱ የሚሸሽበት ከሌላው መሸሻ ተቃራኒ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ምድሩ አንድ ነው። ፈንታሌን የሚያናውጠው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ደንገጎን ከላይ ድሬዳዋን ከታች ያደረገው ገደልም የዚያው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው።

ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የድጋፍ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ጥሩ ነው፤ ብዙ ቤት ይታደጋል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ ድሬዳዋ ውስጥ እንደገና ሰው ወስዷል። ግንብ ባለበት ከተማም ሰው ተራራውን ቀና ብሎ ማየት አለበት፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ እነዚያ ድልድዩ ላይ እርምጃ የሚያፈጥኑት ናቸው። በዚያ ሐምሌ የተወለዱት ዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። አሸዋው ላይ ኳስ የሚራገጡት ከእነሱም ያንሳሉ።

ደቻቱ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን ልጆቹን አንድ ቅዳሜ ደብተር አስይዘው ወደየጎረቤቱ ቢልኳቸው ምኞቴ ነው። ስንት ሰው እንደሞተ ሳይሆን ውኃው የት ድረስ እንደደረሰ፣ የማን ግንብ ቀድሞ እንደወደቀ፣ ድምፁ ከተሰማ በኋላ ለመሮጥ ምን ያህል ጊዜ እንደነበረ፣ በየት በኩል የሮጠው እንደተረፈ ይጠይቁ። በሩ ወደየት እንደሚከፈትም ይጠይቁ።