ከበረዶው ሥር

ሚኒሶታ ያሉ ዘመዶችዎን በጥር ሊጠይቁ ከሄዱ ቤት ተዘግተው አይሰንብቱ። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ ሚል ላክስ ሐይቅ ይደርሳሉ፤ ውኃው ጠንክሮ ሜዳ ሆኗል፤ በላዩም የዓሣ አጥማጆች ትንንሽ ቤቶች ተሰድረዋል። ማሞቂያ ያለውን ይከራዩ። በረዶው ሁለት ቦታ ይበሳል፤ በአንዱ መንጠቆ፣ በሌላው ገመድ ያለው ካሜራ ይወርዳል። ልጆች መንጠቆ መጠበቅ ቶሎ ይሰለቻቸዋል፤ ከስክሪኑ ግን አይነሡም።

ዎልአይ የምትባለው ዓሣ ዓይኗ እንደ ድመት ዓይን ያበራል፤ በድንግዝግዝም አጥርታ ስለምታይ የምታድነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ከጨለማው ትመጣለች፣ አፍንጫዋን ወደ መንጠቆው ታስጠጋለች፣ ዞር ብላ ትሄዳለች። (ስንት ጊዜ «ያዘች!» ብዬ እንደጮኽኩ አይጠይቁኝ።) ካሜራ ባይኖር «እዚህ ዓሣ የለም» ብለው ቦታ ይቀይሩ ነበር። አሁን ግን ክሩን ማወዛወዙን ትተው ዝም ያሰኙታል፤ አንዳንዴ ትመለሳለች።

በእግር ለመሄድ እንኳ በረዶው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ሊወፍር ይገባል፤ ለመኪና እጅግ ይበልጣል። የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ ልጅ ከፊት አይቅደም። ይዞ መሄድ የሚፈቀደው የዓሣ መጠንም ስለሚለዋወጥ፣ መጥበሻውን ከማጋልዎ በፊት ደንቡን ይጠይቁ።