ጢስ ዓባይ በጥር

ዐሥረኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችንን ለማክበር በጥር 1998 ዓ.ም. ልጆቹን ለእናቴ ትተን ባሕር ዳር ሄድን። ጢስ ዓባይን ሁለታችንም የምናውቀው በዚያን ጊዜ ከነበረው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነበር።

ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገድ ላይ ስለ ወጪ ብቻ አወራን። (ወጪ የማነሣው ሁልጊዜ እኔ ነኝ።) በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ እርሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን።

ደረስን። በክረምት 400 ሜትር ያህል ሰፍቶ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል የሚወረወረው ዓባይ፣ በአንድ ጥግ ቀጥኖ ይወርዳል።

«ለዚህ ነው የመጣነው?» አለኝ ባለቤቴ። ለጉዞው አንድ ዓመት ሙሉ የቆጠብኩት እኔ ነበርኩና እንባዬ መጣ።

አስጎብኚያችን፣ ውኃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ እንደሚሄድ፣ በ1990ዎቹ ሁለተኛው ጣቢያ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ በበጋ ለፏፏቴው የሚተርፈው ጥቂት እንደሆነ ነገረን። ባለቤቴ ዝም ብሎ ቆየና፣ «የእኛስ ወዴት ተጠልፎ ነው?» አለ።

መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። እርሱ በሳምንት አራት ምሽት ለቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ይወጣል፤ እኔ ለሱቁ ሒሳብ አመሻለሁ። ሁሉም መልካም ሥራ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ተነጋገርን፤ ደግሞም ተቆጣን፤ ከዚያ ጸለይን።

ውኃው በሚሞላበት በነሐሴ ልንመለስ ተስማማን። ማታ ከሆቴሉ ደውሎ፣ «ሐሙስ አልገኝም» ሲላቸው ሰማሁት።